የትላንት ዳቦ ለእንግዳ

አንድ የጀርመን ቤተሰብ ለእራት ጠርቶኝ ነበር። በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ የትኩስ ዳቦ ሽታ ነው። ማድ ቤቱ ውስጥ ጠቆር ያለ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይበርዳል። ገበታው ላይ የቀረበው ግን እሱ አልነበረም፤ ከትላንት የተረፈ ግማሽ ዳቦ ነው። የቤቱ እመቤት ዓይኔ ወዴት እንደሚሄድ አይተው «እሱ ለነገ ነው» አሉኝና ቅቤውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

እኛ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትኩሱ ለእንግዳ ይቆረሳል፣ የትላንቱ ለቤተሰብ ይቆያል። ድፎው ከኮባው ሲወጣ የእንግዳው ድርሻ እስኪበርድ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ያቺ አጭር መልስ ከራሱ ከእራቱ ይበልጥ ስትከነክነኝ ሰነበተች። ስስት እንዳልል ቅቤው፣ አይቡ፣ ሻዩ ሞልቷል። ቸርነት እንዳልል የቤቱ ምርጥ ነገር መደርደሪያ ላይ ተትቷል።

መልሱን ያገኘሁት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ነው። ከፊቴ የነበረች ደንበኛ ገና ከምድጃ የወጣ ዳቦ በማሽን እንዲቆረጥላት ጠየቀች። ሻጭዋ «አሁን አይቆረጥም፣ ትኩስ ነው። ሙሉውን ይውሰዱና ነገ ይቁረጡት» አለቻት። ደንበኛዋ ራሷን ነቅንቃ ሙሉውን ይዛ ሄደች፤ ክርክር የለም፣ ቅሬታ የለም። ዳቦው ከምድጃ ወጣ እንጂ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ለእንግዳ የማይቀርበውም ያልበሰለ ወጥ ለእንግዳ በማይቀርብበት ምክንያት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የጀርመንን ማዕድ የማየው በዚህ በኩል ነው፤ የተደከመበት ሰዓት ከገበታው በፊት ስለሚያልቅ ለእንግዳ ዓይን አይታይም።

ሮገን የሚባለው እህል ጠባይ

ጉዳዩ ሁሉ የሚነሳው ከሮገን ነው። ሮገን የስንዴ ዘመድ ነው፤ ብርድና ደካማ አፈር ይችላል። በሰሜንና በምሥራቅ ጀርመን አሸዋማ መሬት ላይ ለዘመናት የተዘራው ለዚህ ነው። ደቡቡ ወደ ስንዴና ዲንከል ወደሚባለው የድሮ ስንዴ ያደላል። ዛሬም ከሐምቡርግ ወደ ሙኒክ የሚጓዝ ሰው ዳቦው እየነጣ ሲሄድ ያያል።

የስንዴ ሊጥ ሲታሽ ግሉተን የሚባለው ፕሮቲኑ ተሳስሮ አየር ይይዛል። ሮገንም ግሉተን አለው፤ ነገር ግን ፔንቶሳን የሚባሉ ውኃ መጣጭ ነገሮች ስላሉት ግሉተኑ እንዳይተሳሰር ያግዱታል። ሊጡ ቢታሽም አይለጠጥም፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። (ግሉተን የማይስማማው ሰው ሮገን ይሻለኛል ብሎ እንዳይሞኝ፤ ለእሱ የሚሆነው ያልተቀላቀለ ጤፍ ነው።)

ከዚህ የባሰው ችግር አሚሌዝ ነው፤ ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆራርጥ ኢንዛይም። የሮገን ስታርች ውኃ ጠጥቶ የሚያብጠው ከ55 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሆን በዚያው ሙቀት አሚሌዙ ገና በሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ሳለ ስታርቹ ይፈርሳል፣ ውስጡ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ አሲድ ነው። ሊጡ በእርሾ ሲኮመጥጥ አሚሌዙ ይዳከማል፣ ፔንቶሳኑም ውኃውን ደህና አድርጎ ይይዛል። የጀርመን ጋጋሪዎች ደንብ አጭር ነው፦ ከዱቄቱ ውስጥ ሮገን ከ20 በመቶ ካለፈ ሊጡ መኮምጠጥ አለበት። ጣዕም ለማሳመር ብቻ ይመስለን የነበረው ኩምጣጤ ዳቦውን ዳቦ የሚያደርገው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ የእንጀራ አገር ሰው ጆሮው ይቆማል። ቡኮው ላይ የምንጠብቃቸው ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎችና የዱር እርሾዎች፣ ዝርያቸው ቢለያይም፣ ሮገን ሊጥ ውስጥ የሚሠሩት ዘመዶቻቸው ናቸው። የአያያዙ ልዩነት ግን ትልቅ ነው። እኛ ከላይ የሚቀረውን ውኃ እንደፋለን፣ አብሲት እንጥላለን፣ ምጣድ ላይ በደቂቃዎች እንጨርሳለን። ሮገን ውስጥ የሚደፋ ነገር የለም፤ ኩምጣጤው በሙሉ ዳቦው ውስጥ ይቀራል፣ መጋገሩም አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ከምድጃ ሲወጣም ሥራው አላለቀም። ውስጡ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ወደ ቅርፊቱ ይሄዳል፣ ስታርቹ እየቀዘቀዘ ይረጋል። ቶሎ ቢቆረጥ ቢላዋው ላይ ሊጥ ይለጠፋል፣ ቁራሹ ይጨማደዳል፣ ሆድም ይከብዳል። ሮገን የበዛበት ዳቦ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ ከሆነ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያርፋል። ለብዙዎች ጣዕሙም የሚያምረው በሁለተኛው ቀን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ቤት ውስጥ ለሚጋግር

ጀርመን ውስጥ የዱቄት ከረጢት ላይ ያለው ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። 405፣ 550፣ 1050 የሚሉት የስንዴ ሲሆኑ 997፣ 1150፣ 1370 የሚሉት የሮገን ናቸው። ቁጥሩ 100 ግራም ደረቅ ዱቄት ሲቃጠል ስንት ሚሊግራም አመድ እንደሚቀር ይናገራል። ከፍ ባለ ቁጥር ገለባው ይበዛል፣ ዱቄቱ ይጠቁራል፣ ውኃም ይጠጣል። ለኬክ 405፣ ለነጭ ዳቦ 550፣ ለጀማሪ የሮገን ዳቦ 1150 ይበቃል። ቁጥር የሌለበት «ፎልኮርን» የሚል ከረጢት ያልተነፋ ሙሉ ዱቄት ነው።

እርሾ ለማስነሳት 50 ግራም ያልተነፋ የሮገን ዱቄትና 50 ግራም ለብ ያለ ውኃ በማሰሮ ቀላቅሎ፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ቦታ ማስቀመጥ ነው። በማግስቱ ያንኑ ያህል ዱቄትና ውኃ ይጨመራል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ 50 ግራም ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መጣል፣ ከዚያ 50 ዱቄትና 50 ውኃ መጨመር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ማሰሮው ይገነፍላል፣ ሽታውም ደስ አይልም፤ ያ እርሾ ሳይሆን አሲድ የማይችሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ደግሞ ጸጥ ይላል፣ ሰውም ሞተ ብሎ ይደፋዋል። አልሞተም፤ አሲዱ የመጀመሪያዎቹን እያባረረ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ የፖም ኮምጣጤ የመሰለ ሽታ ይዞ፣ ዱቄት ከተጨመረለት በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጥፍ መሆን ሲጀምር ለሥራ ደርሷል። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይኖራል፣ በሳምንት አንዴ ዱቄትና ውኃ ይፈልጋል።

የክረምቱ ችግር ሙቀት ነው። የጀርመን ማድ ቤት 20 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን ሊጡም የእንጀራ ቡኮውም ይዘገያል። ኦቨኑን ሳያሞቁ መብራቱን ብቻ አብርቶ ውስጡ ማስቀመጥ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ግን የአንዳንዱ ኦቨን መብራት ከሚፈለገው በላይ ስለሚያሞቅ መጀመሪያ በቴርሞሜትር መለካት ነው። ሊጡ ቀጠን ብሎ ሞቅ ካለ ቦታ ሲቀመጥ ኩምጣጤው ለስላሳ፣ እርጎ እርጎ የሚል ይሆናል። ወፈር ብሎ ብርድ ውስጥ ከተቀመጠ ወደ ኮምጣጤ ያደላል።

ሰባ በመቶ ሮገን ላለው ዳቦ ማታ 175 ግራም የሮገን ዱቄት 1150፣ 175 ግራም ውኃና 18 ግራም እርሾ ቀላቅሎ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ማሳደር። ጠዋት መጀመሪያ ለሚቀጥለው 18 ግራም ይነሳል፤ ይህን የረሳ ሰው እንደገና ከሀ ይጀምራል። በቀረው ላይ 175 ግራም ሮገን፣ 150 ግራም የስንዴ ዱቄት 1050፣ 190 ግራም ለብ ያለ ውኃና 10 ግራም ጨው ይገባል። እርሾው ገና ወጣት ከሆነ 5 ግራም የገበያ እርሾ ማገዝ ነውር የለውም፤ ጋጋሪዎቹ ራሳቸው ያደርጉታል። ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ በቀስታ ማዋሐድ በቂ ነው። እንደ ድፎ ሊጥ በጉልበት ቢያሹት ጥቅም የለውም፣ የሚለጠጥ ነገር የለምና። መጣበቁን አይቶ ዱቄት መጨመር የዳቦውን ውስጥ ያደርቃል፤ እጅን በውኃ ማርጠብ ይሻላል።

ግማሽ ሰዓት አርፎ ክብ ተደርጎ ይቀረጻል፣ ዱቄት በተነሰነሰበት ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል። የገበያ እርሾ ካለበት አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ከሌለበት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ላዩ ላይ የተነሰነሰው ዱቄት መሰነጣጠቅ ሲጀምር ሰዓቱ ደርሷል። ኦቨኑ 250 ዲግሪ ከእነ ትሪው ይሞቃል፣ ዳቦው ሲገባ ከታች ባለው ሌላ ትሪ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ይደፋል። ውኃው የኦቨኑ መስተዋት ላይ እንዳይፈናጠቅ፤ ይሰነጠቃል። ከ10 ደቂቃ በኋላ በሩን ከፍቶ እንፋሎቱን ማስወጣት፣ ሙቀቱን ወደ 200 ማውረድ፣ በጠቅላላው 55 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው። ውስጡ 97 ወይም 98 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ግርጌውን ያንኳኳ፤ ባዶ እቃ የመሰለ ድምፅ መስጠት አለበት።

ሲበላሽ ምልክቱን ይናገራል። ከግርጌው አጠገብ ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ መስመር ካለ ኩምጣጤው አንሷል፣ ውኃው በዝቷል ወይም ቶሎ ወጥቷል። ጎኑ ከተሰነጠቀ ኩፍ ሳይል ገብቷል። ጠፍጣፋ ከሆነ ከልክ በላይ ቆይቷል። 

እሳት የሌለበት እራት

ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ ቀዝቃዛው እራት ሌላ መልክ ይይዛል። እኛ ለእንግዳ ያለንን ክብር የምናሳየው በእሳት ነው፤ ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ወጡ ሲንተከተክ፣ ምጣዱ ሲሰማ። እንግዳው እየተደከመለት መሆኑን ያያል፣ ይሰማል፣ ያሸታል። እዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ምድጃው ጠፍቷል። ድካሙ ትላንት ማታ እርሾው ሲቀላቀል ተጀምሮ፣ ዛሬ እንግዳው ከመድረሱ በፊት አልቋል። ምስክር የለውም።

ልማዱ የቆየ ይመስላል እንጂ በከተማ የተስፋፋው ከፋብሪካ ኑሮ ጋር ነው። ሠራተኛው ቀን ላይ በሥራ ቦታው ትኩስ ምግብ ሲያገኝ ማታ የሚያበስል ሰው አያስፈልግም ሆነ። ዛሬ ብዙ ወጣት ቤተሰብ ማታ ስለሚያበስል ሁሉም ቤት እንዲህ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ልጆችና አረጋውያን ያሉበት ቤት ግን አሁንም ይኸው ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳና ቢላዋ፣ መሐል ላይ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት አይብ፣ በስሱ የተቆረጠ ሥጋ፣ በኮምጣጤ የተቀመመ ኪያር፣ ፍጅል፣ ቲማቲም፣ የቅጠላ ቅጠል ሻይ።

ማንም አያጎርስም፣ ማንም «በሞቴ» አይልም። እያንዳንዱ የራሱን ቁራሽ ይቀባል። «ትጨምራለህ?» ተብሎ አንዴ ይጠየቃል። «አይ፣ በቃኝ» ያለ ሰው በቃው፤ ሳህኑ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ተለምኖ መቀበል የለመደ እንግዳ በዚህ ገበታ ተርቦ ይነሳል። ከራበዎት በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ማለት ነው፣ ይሉኝታውን ለቀጣዩ የአበሻ ቤት ማቆየት። የምወደው ነገር ቢኖር ግን ይህ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ማድ ቤት የሚመላለስ ሰው የለም። እናትየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ይጫወታሉ። በእኛ ግብዣ አስተናጋጇ ከእንግዶቿ ጋር የምትቀመጠው ስንቴ ነው?

ሰዓት ላይ አንድ ነገር። ግብዣው «18፡30» ካለ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ተኩል ነው። አዲስ የመጣ ሰው «6፡30» የሚለውን የስልክ መልእክት አይቶ እኩለ ቀን ላይ ሊሄድ ይችላል። ዐሥር ደቂቃ ቢዘገዩ መልእክት ይላካል፤ ቀድሞ መድረስም አይወደድም።

ለጾመኛና ለሚጠነቀቅ

አሳማ የማይበላ ሰው በዚህ ገበታ ዓይኑን መክፈት አለበት። ቅቤ የመሰለ ነጭ ነገር ውስጡ የተጠበሰ ሽንኩርት ካለበት የአሳማ ጮማ ሊሆን ይችላል፤ ሽማልዝ ይሉታል። ነጭ ዳቦ ላይ በሽንኩርት የሚቀባው ሮዝ ነገር፣ ሜት፣ ጥሬ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ነው። ክትፎ መስሎት የተዘረጋ እጅ ብዙ ነው። «የዶሮ» ወይም «የፑተ» (የቱርክ ዶሮ) ቋሊማ ተብሎ የታሸገውም ውስጡ የአሳማ ስብ ሊኖርበት ስለሚችል ከጀርባው ያለውን ዝርዝር ማንበብ ይገባል፤ «ሽቫይን» የሚል ቃል የያዘ ሁሉ አሳማ ነው።

ለጾመኛ የጀርመን ዳቦ ቤት ከብዙ አገር ይሻላል። የሮገን ዳቦና ተራው ትንሽ ነጭ ዳቦ ብዙውን ጊዜ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ አንዳንዴ ብቅል ብቻ ነው። መጠየቅ የሚያስፈልገው ብሬዝል በሚባለው እንደ ገመድ ተቋጥሮ የሚጋገር ዳቦ ላይ ነው፤ በተለይ በደቡብ አንዳንዱ ሊጥ ውስጥ ቅቤ ወይም የአሳማ ስብ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዳቦ ቤቶች ሳይታሸግ ለሚሸጡት ነገር የ14 አለርጂ አምጪ ነገሮችን መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ ብዙዎቹም መዝገብ ያሳያሉ። ወተትና እንቁላል መዝገቡ ላይ ይገኛሉ። የአሳማ ስብ ግን ከ14ቱ ውስጥ ስላልሆነ መዝገቡ ምንም ላይናገር ይችላል። «ኢስት ዳ ሽማልዝ ድሪን?» ብሎ በአፍ መጠየቅ ነው።

ስሞቹም ደንብ አላቸው። ሮገንብሮት የተባለው ቢያንስ 90 በመቶ ሮገን፣ ሮገንሚሽብሮት ከግማሽ በላይ ሮገን፣ ፎልኮርንብሮት ቢያንስ 90 በመቶ ያልተነፋ ዱቄት ሊኖረው ይገባል። መጥቆሩን ብቻ አይቶ ጤናማ ነው ብሎ መግዛት አያዋጣም፤ በብቅል የጠቆረ የስንዴ ዳቦ ሞልቷል። ገንዘብ ለሚቆጥብ «ፎም ፎርታግ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን መደርደሪያ መፈለግ ነው፤ የትላንት ዳቦ በቅናሽ የሚሸጥበት ነው። ነጩን ትተው ሮገኑን ከዚያ ቢወስዱ የተጎዱት ነገር የለም።

ቤት ሲገባ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም፤ ዳቦ ቶሎ የሚደርቀው በዚያ ቅዝቃዜ ነው። የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች አድርጎ በሸክላ ወይም በእንጨት ሣጥን ማኖር ነው። ነጭ ዳቦ ሁለት ቀን፣ ድብልቁ አራት ቀን አካባቢ፣ ጥቁሩ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቆራርጦ ፍሪዘር። ሻጋታ የታየበት ግን ቆርጦ መጣል አይበቃም፣ ሁሉም ይጣላል።

ዳቦውን ተከትሎ

ጀርመንን በቤተ መንግሥትና በካቴድራል ከማየት በዳቦ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ርካሽ ነው። በምዕራብ ባለው በቬስትፋለን ፑምፐርኒክል የሚባል ዳቦ አለ። ከተከካ ሮገን ተሠርቶ በዝቅተኛ ሙቀት ቢያንስ 16 ሰዓት ስለሚጋገር ቅርፊት የለውም፣ ይጠቁራል፣ ስኳር ሳይገባበት ይጣፍጣል። በስሱ ተቆርጦ ከአይብ ጋር ነው የሚበላው፤ ወፈር አድርጎ የቆረጠ ሰው ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ይተወዋል። በደቡብ ብሬዝል ላይ ክርክር አለ። የሽቫቤን ሰው ሆዱ ወፍሮ የተሰነጠቀ፣ ክንዱ ቀጥኖ የሚንኮሻኮሽ ብሬዝል ይፈልጋል፤ የባየርኑ ክንዱም ሆዱም ተቀራራቢ ነው፣ በቢላዋ አይሰነጠቅም፣ ቆዳው በራሱ ይቀደዳል። እኔ ከሽቫቤኑ ወገን ነኝ። ቡናማ ቀለሙን የሚሰጠው ከ3 እስከ 4 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሟሟበት፣ ቆዳ የሚያቃጥል ውኃ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ጓንትና መነጽር ያድርግ፤ የአሉሚኒየም ትሪም አይጠቀም።

ዑልም ከተማ ውስጥ በ1592 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተሠራ የጨው መጋዘን ውስጥ የዳቦና የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ፤ ተቋሙ የተመሠረተው በ1955 ነው። ስብስቡ ውስጥ እውነተኛ ዳቦ የለም። መሥራቾቹ ዳቦ በየቀኑ ተጋግሮ የሚበላ እንጂ በመስተዋት ሣጥን የሚቀመጥ አይደለም ብለው ስላመኑ ነው። መሬት የወደቀ ቁራሽ አንስቶ ስሞ ከፍ ካለ ቦታ ማስቀመጥ ያየ አበሻ ይህን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም።

ለመጓዝ ዶይችላንድቲኬት የሚባለው ወርኃዊ ትኬት ይበቃል። በግንቦት ወር 2023 በ49 ዩሮ ተጀመረ፣ በ2025 ወደ 58፣ በ2026 መጀመሪያ ወደ 63 ዩሮ ከፍ አለ። የከተማና የአካባቢ ባቡር፣ ትራም፣ አውቶቡስ በመላው አገሪቱ ያሳፍራል፤ አይሲኢና አይሲ የተባሉት ፈጣን ባቡሮች ላይ አይሠራም። ወርኃዊ ውል ስለሆነ ለአንድ ወር ብቻ የፈለገ ሰው እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ ካልሰረዘ የሚቀጥለውንም ይከፍላል። በስም ስለሆነ መታወቂያ መያዝ ግድ ነው።

ረጅም መንገድ በአካባቢ ባቡር ሲኬድ ሦስት አራት ጊዜ መቀየር አለ። መተግበሪያው የአምስት ደቂቃ መቀየሪያ ሲያሳይ አለመቀበል ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቢያንስ 15 ደቂቃ መተው፣ የመጨረሻውን ባቡር ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለውን ማቀድ። በፈጣን ባቡር በቅናሽ ትኬት ለሚሄድ ደግሞ ትኬቱ ለዚያ ባቡር ብቻ ነው። ሆኖም መድረሻው ላይ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ መዘግየት እንደሚኖር ከታወቀ በሌላ ባቡር መሳፈር ይፈቀዳል። 60 ደቂቃ ከዘገየ የዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከዘገየ 50 በመቶ ይመለሳል፤ መጠየቂያው ጊዜ ሦስት ወር ነው። የመዘግየቱ ምክንያት ከባቡር ድርጅቱ አቅም ውጭ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከባድ ማዕበል፣ ካሳው ላይከፈል ይችላል። ከ4 ዩሮ በታች የሆነም አይከፈልም።

የዑልም ገበያ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ላይ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ይቆማል፤ ለዳቦ የሚሄድ ሰው ከሁለቱ ቀኖች አንዱን ይምረጥ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። የሰንበት ዕረፍት በ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥት ተደንግጎ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ባለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 140 በኩል ጸንቷል። ዳቦ ቤቶች ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ይከፈታሉ፣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉ ሱቆችም ይሠራሉ፤ ዋጋቸው ግን የጣቢያ ዋጋ ነው። ቅዳሜ የገዙትን ሮገን ሙሉውን ጠቅልሎ፣ ትንሽ ቢላዋና አይብ ይዞ እሑድ መንገድ መግባት ከዚያ ሁሉ ያድናል።